ከመጫወቻ ጡብ የተሠራ የባቡር ሲግናል ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሄ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ለባቡር ሥራ የሚሰበሰበው ጡብ ብዙ ጊዜ ድብልቅ ነው፤ ጥቂቱ ከውጭ በዘመድ በኩል የመጣ ሌጎ፣ ቀሪው በከረጢት የተገዛ ተመሳሳዩ። ስለዚህ ሲግናሉ ሲዘም ወይም ባቡሩ ሲገጨው መጀመሪያ ማስመሪያ አንሱ። የሚያስፈልጉት ቁጥሮች ጥቂት ናቸው። ከጉብታ (በጡቡ አናት ላይ ካለችው ክብ እብጠት) መሐል እስከ ጉብታ መሐል 8 ሚሊሜትር ነው፤ የጡብ ቁመት 9.6፣ የስሱ ጡብ 3.2። ሐዲዱ ከነአግዳሚው (ሁለቱን ሐዲድ ከሥር ከሚያያይዘው) 8 ጉብታ ይሰፋል፤ አንዱ ቀጥ ያለ ሐዲድ 16 ጉብታ፣ ማለትም 128 ሚሊሜትር ይረዝማል።

ምሰሶው ይዘማል፣ በጣት ሲነካ ይወዛወዛል

ባለ አንድ ጉብታ ክብ ጡብ ስድስት ሰባት ሲደራረብ መወዛወዙ አይቀርም። በየመጋጠሚያው ፀጉር የምታህል ክፍተት አለች፤ አንዷ አትታይም፣ ሲደመሩ ግን ጫፉን ያዘሙታል። የሁለት አምራቾች ጡብ ሲቀላቀል ይብሳል። ይህን ለመለየት ከእያንዳንዱ ዓይነት አሥር አሥር ጡብ ደራርባችሁ ጎን ለጎን አቁሙና በዓይናችሁ ትክክል ዝቅ ብላችሁ እዩ። የላይኛው ጉብታ ሳይቆጠር ትክክለኛው ቁመት 96 ሚሊሜትር ነው። ልዩነቱ በዓይን ከታየ ሁለቱን በአንድ ምሰሶ ላይ አትሰኩ፤ የማይስማማውን ለጣቢያ ግድግዳና ለፕላትፎርም መሙያ አውሉት፣ እዚያ አይጎዳም።

ለምሰሶው ሁለት በሁለት የሆነውን ክብ ጡብ እንመርጣለን። መሐሉ የመስቀል ቅርጽ ቀዳዳ ስላለው የቴክኒክ (የሌጎ የማሽን ክፍሎች) ዘንግ ያስገባል። አሥር ጡብ 96 ሚሊሜትር ነው፤ ባለ 12 ጉብታው ዘንግም 96። ስለዚህ ከላይም ከታችም ሳይተርፍ ልክክ ይላል። ለአጭር ምሰሶ አምስት ጡብና ባለ 6 ጉብታ ዘንግ ይበቃሉ። የመብራቱ ሽቦ ያኔ በጀርባ ይወርዳል። ሽቦው በውስጥ እንዲያልፍ የግድ ከፈለጋችሁ ጉብታው ክፍት የሆነውን ባለ አንድ ጉብታ ክብ ጡብ ተጠቀሙ፣ ከስድስት ግን አታስበልጡ።

ቁመቱ ለምን አሥር ጡብ ይሆናል? በኮምቦልቻ የሚያልፈው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሃራ ገበያ መስመር የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊሜትር ነው። የመጫወቻው 38 ገደማ ስለሆነ 1 ለ 38 ይመጣል። 3 ሜትር የሚሰፋ ፉርጎ በ6 ጉብታ ሲሠራ ደግሞ 1 ለ 62 ይሆናል። ሲግናሉ ከባቡሩ ጋር አልመጣጠን የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። መሐሉን 1 ለ 48 ያዙ፤ የ5 ሜትር ምሰሶ 104 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል፣ አሥር ጡብና ከሥር ሁለት ስስ ጡብ (102.4) ይቀርበዋል።

ቀጥታው ላይ ደህና ያልፋል፣ ኩርባው ላይ ሲግናሉን ይገጫል

ፉርጎ አይታጠፍም፣ ሐዲዱ ግን ይታጠፋል። 28 ጉብታ የሚረዝም፣ የቦጊዎቹ (ከፉርጎው ሥር የሚዞሩት የጎማ ጋሪዎች) መሐል ለመሐል ርቀት 20 ጉብታ የሆነ ፉርጎ በተለመደው ባለ 40 ጉብታ ሬዲየስ ኩርባ ሲያልፍ ወገቡ ወደ ውስጥ 10 ሚሊሜትር፣ ማዕዘኑ ወደ ውጭ 8 ሚሊሜትር ይወጣል። 6 ጉብታ የሚሰፋው ፉርጎ በዚህ ስሌት የአግዳሚውን ጫፍ ይነካል፤ በውስጥ በኩል እንዲያውም ያልፈዋል። ስለዚህ ቀጥታው ላይ ከአግዳሚው ጫፍ 1 ጉብታ፣ ኩርባው ላይ በሁለቱም ወገን 2 ጉብታ ልቀቁ። ፉርጎው 8 ጉብታ ከሆነ 3 ይሁን።

ስሌቱን በተግባር ለማረጋገጥ በረጅሙ ፉርጎ ወገብና ማዕዘን ላይ ቀጭን እርሳስ በናስትሮ እሰሩ፤ ጫፉ ወደ ታች ከጎኑ ትንሽ ወጣ ይበል። ከሐዲዱ ሥር ወረቀት አንጥፋችሁ ኩርባውን በእጅ ግፉት። በወረቀቱ ላይ የሚቀረው መስመር ድንበራችሁ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ምንም አይቆምም።

ቀዩ ይበራል፣ አረንጓዴው ድርግም ይላል

ይህ በብዛት የሚያጋጥም ነው፤ ብዙ ሰው አረንጓዴውን ኤልኢዲ የተቃጠለ መስሎት ይጥለዋል። የተቃጠለ ነገር የለም። የሲግናሉ መብራቶች አንድ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚገታ ክፍል) ሲጋሩ፣ ቀዩ በ2 ቮልት ገደማ ስለሚበራ ቮልቴጁን እዚያው ላይ ይይዘዋል፤ 3 ቮልት ገደማ የሚፈልገው አረንጓዴ የሚበቃውን አያገኝም። ለእያንዳንዱ መብራት የራሱን ሬዚስተር ስጡ። በ5 ቮልት የስልክ ቻርጀር 330 ኦም ይበቃል፦ ቀዩ 9 ሚሊአምፒር፣ አረንጓዴው 6 ገደማ ያገኛል። በ9 ቮልት ባትሪ 1,000 ኦም አድርጉት። በ5 ቮልቱ አሁንም ቀዩ ከደመቀ የእሱን ብቻ ከ330 ወደ 470 ከፍ አድርጉ። 3 ሚሊሜትሩ ኤልኢዲ በክፍት ጉብታ ቀዳዳ ይገባል፤ ከፊቱ ቀለም ያለው ግልጽ ክብ ስስ ጡብ ይሸፍነዋል።

ጭራሹን የማይበራ ከሆነ እግሮቹን ገልብጡ፤ ረጅሙ እግር ወደ ፖዘቲቭ ነው። ሽቦው ከድሮ ኢርፎን የወጣ ከሆነ ደግሞ ቀለም የሚመስለው ሽፋን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ጫፉን በምላጭ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ፍቁና ከዚያ ሶልደር አድርጉ፣ በቴስተርም ፈትሹ።

መብራት ሲጠፋ ፓወር ባንክ ላይ ተሰክቶ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ የሚጠፋ ሲግናል ችግር የለበትም። ብዙ ፓወር ባንክ የሚወስደው ጭነት በጣም ካነሰ ራሱን ያጠፋል። የጣቢያውን መብራት ሁሉ በአንድ ላይ ሰብስቡ፣ ወይም ሦስት የሪሞት ባትሪ በተከታታይ አገናኙ፤ 4.5 ቮልት ለ330 ኦም ይስማማል።

የመንገድ ማቋረጫው ላይ ባቡሩ ይዘላል

መሙያው ሰፍቷል ወይም ከፍ ብሏል። በሁለቱ ሐዲዶች መሐል 38 ሚሊሜትር ገደማ አለ፤ 4 ጉብታ ስትሞሉ 32 ይያዝና ለጎማው ከንፈር በየጎኑ 3 ይቀራል። አምስተኛ ጉብታ አይጨመርም። ማስመሪያ በሁለቱ ሐዲዶች ላይ ስታጋድሙ መሙያው ማስመሪያውን መንካት የለበትም።

የማቋረጫው ክንድ ካልቆመና ከወደቀ ማያያዣውን እዩ። በቴክኒክ ክፍሎች ዘንድ ጥቁሩ ፒን ጉርብጥብጥ ስላለው ያጠብቃል፣ ግራጫው ልቅ ነው። ክንዱ ከ10 ጉብታ ካለፈ ከአጭሩ ጫፍ ሁለት በሁለት ጡብ ሁለት አድርጉበት።

ሎኮሞቲቩ አቀበቱ ላይ ይንሸራተታል

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን አቀበት ለመምሰል በየሐዲዱ ሥር አንድ ሙሉ ጡብ መጨመር 7.5 በመቶ ዳገት ነው፤ ፉርጎ የሚጎትት ሞተር ይሸነፋል። በየ16 ጉብታው አንድ ስስ ጡብ ብቻ ጨምሩ፣ 2.5 በመቶ ይሆናል። ምሰሶዎቹን በየሐዲዱ መጋጠሚያ ሥር አቁሙ፤ መሐል ላይ ብቻ ከቆሙ መጋጠሚያው ይሰምጥና ቦጊው እዚያው ይወጣል።