ወደ ዳሚው የሚያስገባው ካርታ አንድ ብቻ ሲሆን፦ በብሪጅ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በብሪጅ፣ አራት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው በሚጫወቱት የካርታ ጨዋታ፣ ጨረታው አልቆ የባልደረባዎ ካርታ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ፣ ማለትም ዳሚው ሲታይ፣ ዓይን ቶሎ የሚያርፈው በረጅሙ ረድፍ፣ ማለትም አንድ ዓይነት ምልክት ባላቸው ብዙ ካርታዎች ላይ ነው። አምስትና ስድስት ካርታ ተደርድሯል፤ ወደዚያ የሚያስገባው ትልቅ ካርታ (መግቢያ)፣ ማለትም ዙር በልቶ ቀጣዩን ካርታ ከዳሚው ለመጀመር የሚያስችለው፣ ግን አንድ ብቻ ነው፣ አንዳንዴም ጭራሽ የለም። እንዲህ ያለውን እጅ የሚያበላሹት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚሠሩት ገና በመጀመሪያዎቹ ዙሮች (አራቱም አንድ አንድ ካርታ በሚጥሉባቸው) ነው።

ዋነኛው ለመጀመሪያው ካርታ ሳያስቡ መልስ መስጠት ነው። ሦስት ያለ ትራምፕ ይጫወታሉ እንበል፤ ማለትም ሌሎቹን የሚበልጥ ረድፍ (ትራምፕ) ሳይኖር ዘጠኝ ዙር መብላት አለብዎት። ዳሚው ላይ የስፔድ ንጉሥና 7፣ የዳይመንድ ንግሥት፣ ጃክ፣ 10፣ 9 እና 4 አሉ፤ ሌላው የሚረባ አይደለም። እጅዎ ላይ የስፔድ አስ፣ 6 እና 3፣ የዳይመንድ ንጉሥና 2 ይዘዋል። ተቃራኒው የስፔድ ንግሥት ይጥላል። «አሱ ለኋላ ይቆየኝ» ብለው በዳሚው ንጉሥ ከበሉ ነገር ተበላሸ። የዳይመንዱን ንጉሥ ሲጥሉ ጎበዝ ተከላካይ አሱን ይደብቃል፤ 2 ሲያስከትሉ ይበላል። ዳሚው ላይ ሦስት አሸናፊ ዳይመንዶች ቀርተዋል፣ እጅዎ ላይ ግን ወደ እነሱ የሚያሻግር ካርታ የለም። ስፔዱን በአስ ቢበሉት ኖሮ የዳሚው ንጉሥ ኋላ ያስገባዎት፣ ከዳይመንዱም አራት ዙር ያገኙ ነበር።

በዚሁ እጅ 2ን አስቀድሞ ወደ ንግሥቷ መጫወትም ስህተት ነው። ትልቁ ካርታ ከአጭሩ ወገን ይቅደም፤ አለበለዚያ ንጉሡ ራሱ መንገድ ይዘጋል። የባሰም አለ፦ እጅዎ ላይ የክለብ ንጉሥ ብቻውን፣ ዳሚው ላይ አስ፣ ንግሥት፣ ጃክ፣ 10 እና 9 ቢኖሩ፣ ሌላ መግቢያ ከሌለ የራስን ንጉሥ በራስ አስ መብላት ግድ ነው። ብዙ ሰው ይህን ማድረግ ያንገበግበዋል። የሚጠፋ ዙር ግን የለም፤ አምስቱም ይገኛሉ።

ለጀማሪ ከሁሉም የሚከብደው ሆን ብሎ መሸነፍ ይመስለኛል። ዳሚው ላይ አስ፣ ንጉሥና ሦስት ትናንሾች፣ እጅዎ ላይ ሦስት ትናንሾች አሉ፤ ሌላ መግቢያ የለም። አስና ንጉሡን ወዲያው ካወረዱ ሦስተኛውን ዙር ተቃራኒ ይበላል፤ የቀሩት ሁለት ካርታዎች እዚያው ይቀራሉ። የመጀመሪያውን ዙር ከሁለቱም ወገን በትንሽ ካርታ ይልቀቁት። ከዚያ በአሱ ይግቡ፣ ንጉሡን ያስከትሉ። የተቃራኒዎቹ አምስት ካርታዎች ሦስትና ሁለት ሆነው ከተከፈሉ፣ ይህም 68 በመቶ ያህል ነው፣ አራት ዙር ይገኛል። እጅዎ ላይ ሁለት ብቻ ካሉ ግን ተቃራኒዎቹ ሦስት ሦስት መያዝ አለባቸው፤ ዕድሉም ወደ 36 በመቶ ይወርዳል። ያኔ ሌላ ረድፍ ማየት ይሻላል።

ፊኔስ፣ ማለትም ተቃራኒ የያዘውን ትልቅ ካርታ በቦታው ተጠቅሞ በትንሽ ካርታ ማለፍን፣ ሲሞክሩ ከዳሚው ትንሿን ካርታ ማስቀደምም መግቢያ ያባክናል። ዳሚው ጃክ፣ 10 እና 3፣ እርስዎ አስ፣ ንግሥት፣ 9 እና 2 ካላችሁ ጃኩን ያስቀድሙ፤ ከእጅዎ 2 ይስጡ። ከዚያ 10፤ ከሥሩ 9። ንጉሡ ከዳሚው በኋላ በሚጫወተው ተቃራኒ እጅ ካለ ሁለቱንም ዙር ዳሚው ይበላል፤ ሌላ መግቢያ ሳያስፈልግዎት 3ን ወደ ንግሥቷ ይጫወታሉ።

በትራምፕ ሲጫወቱ የእጅዎን ትንሿን ትራምፕ ለመቁረጫ (የሌላ ረድፍ ካርታን በትራምፕ ለመብላት) አይጨርሷት። ተቃራኒዎቹ ትራምፕ ሲያልቅባቸው በእሷ ወደ ዳሚው ትልቅ ትራምፕ፣ ለምሳሌ ወደ 8፣ መሻገር ይቻላል።

የመጨረሻው ስህተት ተቃራኒም መግቢያዎን እንደሚቆጥር መርሳት ነው። የዳሚው መግቢያ የሀርት አስና ሁለት ትናንሾች ሲሆኑ፣ ብልህ ተከላካይ የራሱን ንጉሥ ሠውቶ አሱን ያለጊዜው ሊያስወጣ ይሞክራል። ዘዴው የመሪማክ ምት ይባላል። ስሙ የተወሰደው በ1898 አሜሪካውያን የስፔንን መርከቦች ለመዝጋት በኩባ ሳንቲያጎ ወደብ አፍ ላይ ሊያሰምጧት ከላኳት የከሰል መርከብ ነው። እዚያ መተላለፊያው ሳይዘጋ ቀረ፤ በብሪጅ ግን ብዙ ጊዜ ይሳካል። እጅዎ ላይ የሀርት ንግሥትና ሁለት ትናንሾች ካሉ ንጉሡን ይተዉለት። ሀርት ከደገመ በንግሥቷ ይበላሉ፤ ዳሚው ላይ አሱ፣ እጅዎ ላይም ወደ እሱ የምትወስድ አንዲት ሀርት ትቀራለች።