በካምፓኑላ የተወረረውን የአበባ መደብ እንዴት እንዳስተካከልኩት

መደቡን ያስቸገረው ካምፓኑላ ከተባለው የአበባ ተክል ወገን ራፑንኩሎይደስ የሚባለው ዝርያ ነበር። የደወል ቅርጽ ያላቸው ሐምራዊ አበቦቹ ቢያምሩም፣ ግንዱ ሲነቀል መሬት ውስጥ ከሚቀረው ወፍራም ሥሩ እንደገና ስለሚያቆጠቁጥ አጠገቡ የነበሩትን ተክሎች ሁሉ አፍኗቸው ነበር። መፍትሔው መደቡን በጥልቀት ቆፍሮ የሥሩን ቁርጥራጮች በእጅ መልቀም፣ ከዚያም ዳግም ብቅ የሚለውን ዘር ሳይዝ መንቀል ሆነ፤ ሥራው አድካሚ ነው፣ አቋራጭ ግን አላገኘሁለትም።

ምትክ ስመርጥ ከአበባው ቀለም ይልቅ የአስተዳደጉን ጠባይ አስቀደምኩ፤ ካምፓኑላ ከ400 በላይ ዝርያዎች ስላሉት፣ ችግኙ ላይ ሙሉ የሳይንስ ስሙ ካልተጻፈ አለመግዛት ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ለጠርዙ የመረጥኩት ካርፓቲካ የተባለውን ሌላ የካምፓኑላ ዝርያ ነው፤ ቁመቱ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ሲሆን በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ስለሚያድግ ጎረቤቶቹን አይወርም። ከኋላው ከ60 እስከ 90 ሴንቲሜትር የሚደርሰውን ፐርሲሲፎሊያን ተከልኩ። ለድንጋይ ካቡ ስንጥቅ ዝቅ ብሎ የሚነጠፈው ፖርተንሽላጊያና ተስማምቶታል፤ የቅርብ ዘመዱ ፖስቻርስኪያና ግን ይበልጥ ስለሚስፋፋ ተውኩት። ሜዲየም እጅግ ውብ ነው፤ ሆኖም በመጀመሪያው ዓመት ቅጠል ብቻ አውጥቶ በሁለተኛው ካበበ በኋላ ስለሚሞት፣ ለቋሚ መደብ አልመረጥኩትም።

ውኃ የሚያቁር አፈር ሥራቸውን ስለሚያበሰብስ፣ ከመትከሌ በፊት ኮምፖስትና ጠጠር ቀላቀልኩበት። የፐርሲሲፎሊያ አበባ እንደጠወለገ ዘንጉ ቢቆረጥ ብዙ ጊዜ ደግሞ ያብባል።