እናቶችን ይዞ ኢየሩሳሌምን በአንድ ቀን ለመሳለም

የአንድ ቀን የኢየሩሳሌም ጉብኝት ስታዘጋጁ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ከመካከላችን ጉልበቷ በጣም የደከመው ማን ናት?» ብላችሁ ይሁን። የት የት እንደምትሄዱ የምትወስኑት ከዚያ በኋላ ነው። አውቶቡሱ የሚቆምበትም፣ ምሳ የሚበላበትም፣ ከፕሮግራሙ የሚወጣው ቦታም የሚታወቀው በእሷ እርምጃ ነው። ይህን ሳያስብ የተሠራ ፕሮግራም ጠዋት 12 ቦታ ይዞ ይነሳል፤ ከሰዓት በኋላ ግማሹ ሰው አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሌላውን ይጠብቃል። ዕድሜ ልኳን ጎልጎታን ስትመኝ የኖረች እናት ደረጃው ሥር ደርሳ ሳትወጣ ተመለሰች ማለት ነው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ፤ የምኖረው ለገጣፎ ነው። የጽዋ ማኅበራችን እናቶች ለመሳለም ሲሄዱ ማዘጋጀቱም አብሮ መሄዱም የእኔ ድርሻ ሆኗል። አብዛኞቹ ዕቁብ ጥለው፣ ልጆቻቸው አዋጥተውላቸው ነው የሚሄዱት። ተመልሰው የሚያዩት አገር አይደለም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው እንደነሱ ያሉ ሰዎችን ይዞ ለሚሄድ ሰው ነው።

ዝግጅቱን ቢያንስ አንድ ወር ቀድማችሁ እዚሁ ጀምሩ። እኛ የካ ተራራ ላይ ወዳለው ዋሻ ሚካኤል እንወጣለን። ከአንድ ቋጥኝ ተፈልፍሎ የተሠራ፣ ጣሪያው የተደረመሰ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከከተማው አፍንጫ ሥር ሆኖ ያላየው የአዲስ አበባ ሰው ብዙ መሆኑ ያሳዝነኛል። ሌላ ቀን ደግሞ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም እንወጣለን። የእንጦጦ አናት ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ኢየሩሳሌም ግን 800 ሜትር ገደማ ናት። እንጦጦን የወጣ ሰው እዚያ ትንፋሽ አያጥረውም። የሚያስቸግረው ድንጋዩ ነው። የአሮጌዋ ከተማ መንገድ ለዘመናት ሲረገጥ የለሰለሰ ንጣፍ ድንጋይ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል፣ ደረጃውም አያልቅም። ስለዚህ ሶሉ የማያንሸራትት፣ ጣት የማይጨብጥ ጫማ ከሾላ ገበያም ሆነ ከመርካቶ ተገዝቶ በእነዚህ ልምምዶች ላይ ይለመድ። አዲስ ጫማ አድርጋችሁ አውሮፕላን አትሳፈሩ።

ልምምዱ ለእግር ብቻ አይደለም። ዋሻ ሚካኤል ላይ አንድ ሰው አስጎብኚ ይሆናል፣ ሌላው ይከተላል፤ ጥንድ ጥንድ ሆነን እንሄዳለን፣ እያንዳንዷ የጥንዷን ስም ትጠራለች። አንዷ ለመጸለይ ወደ ኋላ ብትቀር ጥንዷም ትቀራለች፤ ብቻዋን የምትቀር እናት አትኖርም። በእያንዳንዷ ነጠላ ጥለት ላይ ደግሞ አራት ጣት የሚሰፋ ቢጫ ጥብጣብ በመርፌ እንሰፋለን፤ በትከሻ በኩል፣ ከኋላ እንዲታይ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ በፋሲካ ሰሞን በጎልጎታ ዙሪያ ኢትዮጵያዊት ሁሉ ነጭ ለብሳለች፤ ያለ ምልክት የራሳችሁን ሰው ከሌላው አትለዩም። በኪሳቸው የሆቴሉ ስም በዕብራይስጥና በዓረብኛ የተጻፈበት ካርድና የአስጎብኚው ስልክ ይኑር።

አስጎብኚ ስትመርጡ የእስራኤል ቱሪዝም ሚኒስቴር ፈቃድ ያለው መሆኑን ጠይቁ፤ መታወቂያውን ደረቱ ላይ ያደርጋል። ከዚያ አዲስ አበባ ያለውን የጉዞ ወኪል ቁርጥ አድርጋችሁ ጠይቁት፦ ቋንቋው ምንድን ነው? ምሳና ጉርሻ በሒሳቡ ውስጥ አለ? አውቶቡሱ ቀኑን ሙሉ ከእኛ ጋር ነው ወይስ አድርሶን ይሄዳል? የመጨረሻው ለእናቶች ወሳኝ ነው። የአገሩን ጸጥታም ከመነሣታችሁ በፊት ባለው ሳምንት እንደገና አጣሩ።

ከተቻለ አማርኛ ተናጋሪ ከቤተ እስራኤል፣ ማለትም ከኢትዮጵያ አይሁድ ወገን የሆነ አስጎብኚ ፈልጉ። ስለ ቋንቋው ብቻ አይደለም። ስለ አይሁድ ቅዱሳት ቦታዎች ሲናገር ከራሱ ቤት፣ ከእናት አባቱ ጸሎት ነው የሚነግራችሁ። ስለ ስግድ በዓል እንዲነግራችሁ ጠይቁት፦ ከዮም ኪፑር (ከአይሁድ የስርየት ቀን) 50 ቀን በኋላ ወላጆቹ በጎንደር ጾመው ተራራ ወጥተው ወደ ኢየሩሳሌም እየዞሩ ሲጸልዩ እንዴት እንደኖሩ፤ በዓሉ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በእስራኤል ብሔራዊ በዓል ሆኗል። የእኛ እናቶች ይህን ሲሰሙ እንባቸው ይመጣል፤ ናፍቆቱን ያውቁታላ። ግን አንድ ነገር አደራ፦ አስጎብኚውን በሃይማኖት አትከራከሩት፣ «ለምን አታምንም?» ብላችሁ አታስጨንቁት። ቤተ እስራኤል በሉ፤ ድሮ በየሰፈሩ ሲሰደቡበት የኖረውን ስም አታንሱ።

ቀኑ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ባለው ውስጥ ይሁን። ዓርብ የሙስሊሞች የጁምዓ ጸሎት አለ፣ ከሰዓት በኋላ የፍራንሲስካን መነኮሳት የመስቀሉን መንገድ ይዘው ይወጣሉ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ሰንበት ይገባል፤ ጠባቡ መንገድ ይጨናነቃል። ቅዳሜ በአይሁድ በኩል ሱቁም አውቶቡሱም ይቆማል። ሰዓት ስትቀጥሩ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፦ «ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ በእነሱ 7»። አስጎብኚው «ሰባት» ሲል እናቶች ከምሳ በኋላ መስሏቸው ተኝተው ሊቀሩ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ቦታ ደብረ ዘይት ይሁን። ጠዋት ፀሐይ ከጀርባችሁ ሆና ከተማዋን ከፊት ታበራላችኋለች፤ አስጎብኚው የቀኑን መንገድ ሁሉ በጣቱ የሚያሳያችሁ ከዚህ ነው። ከሥራችሁ ያለው የመቃብር ብዛት የአይሁድ ጥንታዊ መካነ መቃብር ነው፤ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። ወደ ጌቴሴማኒ የሚወርደው መንገድ በጣም ቁልቁል ስለሆነ ጉልበት የሚያማቸው በአውቶቡስ ይውረዱ። ጌቴሴማኒ ወይራዎቹ አጠገብ ያለው ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1924 ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ በምሳ ሰዓት ሊዘጋ ስለሚችል ቀድማችሁ ግቡ። እዚያው ቅርብ የእመቤታችን መቃብር አለ፤ ረጅም ሰፊ ደረጃ ወርዳችሁ ነው የምትደርሱት። ለእናቶቻችን ከጎልጎታ ቀጥሎ የሚወዱት ቦታ ይህ ነውና እዚህ ሰዓት አትቆጥቡ። መውጣቱ ስለሚከብድ መሐል ላይ ቁጭ ብሎ ማረፍ ነውር አይደለም።

ከዚያ በአውቶቡስ ዞራችሁ ወደ ምዕራባዊው ግንብ ሂዱ። ፍተሻ አለ፤ ቦርሳ ቀለል ይበል። ሮማውያን እ.ኤ.አ. በ70 ቤተ መቅደሱን ሲያፈርሱ የተረፈ፣ ሄሮድስ ያሠራው የግቢው ድጋፍ ግንብ ነው፤ አይሁድ ወደዚህ መጥተው ሲያለቅሱና ሲጸልዩ ዘመናት አልፈዋል። ወንድና ሴት ለየብቻ ይቆማሉ፤ ወንዶች ራሳቸውን ይሸፍናሉ፣ ቆብ ለሌለው እዚያው በነፃ ይሰጣል። ነጠላ የለበሰች እናት ለዚህ ቦታ የሚገባ ልብስ ለብሳለች። የእጅ መስቀል ቦርሳ ውስጥ ይቆይ፤ መዝሙር እዚህ አታንሱ። የሰው የጸሎት ቤት ነውና እኛ ቤት ሲገባ እንዲደረግልን እንደምንፈልገው እናድርግ። ጸሎት በወረቀት ጽፎ ድንጋዩ መሐል መክተት ይቻላል፤ ወረቀቶቹ በዓመት 2 ጊዜ ተሰብስበው በክብር ይቀበራሉ እንጂ አይጣሉም። ሰኞ ወይም ሐሙስ ከሄዳችሁ ኦሪት የሚነበብበት ቀን ስለሆነ 13 ዓመት የሞላቸው ወንዶች ልጆች ባር ሚጽቫ፣ ማለትም ለሕጉ ኃላፊ የሚሆኑበትን በዓል፣ ሲያደርጉ ታያላችሁ። እናቶቻቸውና አያቶቻቸው በመለያው አጥር ላይ ወጥተው ከረሜላ ይበትናሉ፣ እልል ይላሉ፤ ልክ እንደኛ፣ ምላስ እያርገበገቡ። አንድ ጊዜ አብራን የነበረች እናት እዚያ የማታውቃት አሮጊት እልል ስትል ሰምታ እሷም አብራ እልል አለች፤ ሴትዮዋ ዞራ እጇን ጨበጠቻት፣ ከረሜላም ሰጠቻት።

አደባባዩ ላይ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት አለ፤ ሁሉም ይጠቀም። ለደም ግፊት የሚያሸና ኪኒን የሚወስዱ እናቶች መጸዳጃ ፍለጋ ላለመቸገር ሲሉ በጉዞ ቀን ኪኒኑን ይተዋሉ። ይህን በፍጹም እንዳታደርጉ። የሚወስዱበትን ሰዓት መቀየር ይቻል እንደሆነ ከመሄዳቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ስኳር ያለባቸውም በሁዳዴ ቢሆን ንስሐ አባታቸውን አስቀድመው ያማክሩ፤ ባዶ ሆድ በዚያ ፀሐይ አደጋ ነው።

ጽርሐ ጽዮንን አትዝለሉ። አስጎብኚዎች ጊዜ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆርጡት እሱን ነው፤ እኔ ግን በአንድ ቀን ስለ ሁለቱም እምነቶች ለማወቅ የመጣ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም እላለሁ። በአንድ ሕንፃ ከታች አይሁድ የንጉሥ ዳዊት መቃብር ነው ብለው ይጸልያሉ፤ ከላይ ጌታ ከሐዋርያት ጋር የመጨረሻውን እራት የበላበት ሰገነት ነው ተብሎ የሚታወቀው አዳራሽ አለ። ኋላም መስጊድ ሆኖ ስለነበር ወደ መካ የሚያመለክተው ምሕራብ ዛሬም ግድግዳው ላይ ይታያል።

ምሳ በክርስቲያን ሰፈር ይሁን። በጾም ፈላፍል፣ ሁሙስና ፉል እንደልብ ይገኛል፤ እንቁላል ወይም እርጎ እንዳይጨምሩ አስጎብኚው ይንገርልን። የአይሁድ ፋሲካ ሳምንት ከሆነ በእነሱ ሱቆች ዳቦ አይሸጥም፤ በዚህ ሰፈር ግን ታገኛላችሁ። ከቤት ያመጣችሁትን ቆሎና በሶ የምትበሉት በመንገድ ላይ ነው።

ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ለጎልጎታ ስጡ። ጌታ መስቀል ተሸክሞ ያለፈበት መንገድ ማረፊያዎች የሆኑትን 14ቱን የሕማማት ምዕራፎች በእግር መከተል ለደካማ ጉልበት አይሆንም፤ ከገበያው መሐል በሰፊው ደረጃ ወጥታችሁ ወደ 9ኛው ምዕራፍ ሂዱ። ከዚያ ወደ ዴር ሡልጣን ትገባላችሁ። ከቅዱስ መቃብሩ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ያለው የኢትዮጵያ ገዳም ነው። መነኮሳቱ የሚኖሩባቸው ዝቅ ያሉ ትናንሽ ቤቶች አሉ፤ መሐል ግቢው ላይ ያለው ጉልላት ከሥሩ ላለው የቅድስት ዕሌኒ ቤት ብርሃን ይሰጣል። እዚህ እናቶችን አሳርፏቸው። ቀኑን ሙሉ በባዕድ ቋንቋ መሐል ሲሄዱ ውለው በአማርኛ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚላቸው አባት ሲያገኙ ድካማቸው ይወጣል። ወጪአቸው ከባድ፣ ይዞታቸውም ከግብጻውያን ጋር ክርክር ያለበት ነውና ለገዳሙ የምትሰጡትን ከአገር ቤት አዘጋጅታችሁ ሂዱ። ከዚያ የንግሥተ ሳባ ሥዕል ባለበት የአርባዕቱ እንስሳ ቤት አልፋችሁ፣ በጠባቡ ደረጃ ወርዳችሁ፣ በቅዱስ ሚካኤል ቤት በኩል ከዋናው በር ፊት ትወጣላችሁ። ደረጃው ጨለም ያለ ስለሆነ አንድ በአንድ፣ ግድግዳ ይዞ መውረድ ነው።

የዋናውን በር ቁልፍ ለዘመናት የሚጠብቁት ሁለት የሙስሊም ቤተሰቦች ናቸው። ገባ እንዳላችሁ በስተቀኝ ወደ ጎልጎታ የሚያወጣ ቀጥ ያለ ደረጃ አለ፤ ፊት ለፊት ጌታችን የተገነዘበት ድንጋይ። ጥንድ ጥንዶቹ እዚህ ይሠራሉ፦ አንዷ ስትንበረከክ ሌላዋ ከጀርባ ክንዷን ትያዝ፣ ነጠላዋን በድንጋዩ ላይ እንድታሻሽ ቦርሳዋን ትቀበላት። ለመቃብሩ ሰልፍ ረጅም ነው፤ በሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው፣ በአንድ ጊዜ የሚገቡትም ጥቂት ናቸው። ሰልፍ መቆም የማይችሉትን ከአንድ ሰው ጋር ጥግ ላይ አስቀምጣችሁ ተራው ሲደርስ ጥሩላቸው።

ቤተልሔምን በዚህ ቀን አትጨምሩ። ከኢየሩሳሌም 10 ኪሎ ሜትር እንኳ ባትሞላ መሐል የፍተሻ ኬላ አለ፤ የእስራኤል ዜጋ የሆነ አስጎብኚም አብዛኛውን ጊዜ ስለማይገባ በዚያ በኩል ፍልስጤማዊ አስጎብኚ ይቀበላችኋል። ለሱ ሌላ ቀን ያዙ፣ ፓስፖርት ከእጃችሁ አይለይ። ማታ ሆቴል ስትገቡ ሰው ቁጠሩ፣ የስኳር ሕመምተኞችን እግር በዓይናችሁ እዩ፤ ውኃ የቋጠረ ወይም የተላጠ ካለ በማግስቱ እዚያው ይረፉ።