ሳይክለኞች ሲስቁ ካልገባህ እነዚህን ስህተቶች እንዳትሰራ

ሳይክል የሚነዱ ሰዎች መሀል ከገባህ ሁሉም የሚስቅበት አንተ ግን ጭራሽ ያልገባህ ነገር አይጠፋም። ቀልዱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወይ ከሳይክሉ ዕቃ ወይ ከውድድር ነው የሚነሳው፣ ስለዚህ ከመሳቅህም ከመኮሳተርህም በፊት ሳይክሉን እየው።

የመጀመሪያው ስህተት ሳይገባህ አብረህ መሳቅ ነው። እግርህን አይተው ይስቃሉ፣ አንተም ትስቃለህ፣ ቤት ስትገባ ቀኝ ባትህ ላይ የማርሽ ጥርስ በጥቁር ቅባት ቁልጭ ብሎ ታትሞ ታገኘዋለህ። የጀማሪ ታቱ የሚሏት ይቺን ነው። ቆም ስትል እግርህ የፊቱን ማርሽ ሲነካ ነው የምትመጣው፣ ግን ዋናው ጥፋት ካቴናው በዘይት መጨማለቁ ነው። ዘይት የሚያስፈልገው ውስጡ መገጣጠሚያው ላይ ነው፣ ላዩ ላይ የቀረው አቧራ ከመሰብሰብ ውጪ ምንም አይሰራም፣ ስለዚህ ዘይት ካደረግክ በኋላ ትርፉን በጨርቅ ጥረገው።

ሁለተኛው የባሰ ነው፣ ቀልድ ነው ብሎ ቁምነገሩን መጣል። ጎማህ ላይ ያለው ፅሁፍ ከቫልቩ (አየር ከሚሞላበት ጫፍ) ጋር አንድ ቦታ ላይ ካልገጠመ ሲያሾፉብህ ትርፍ ሰዓት ያላቸው ሰዎች ይመስሉሃል። ግን ጎማህ መንገድ ላይ ሲበሳ አስበው፦ የውስጡን ጎማ ነፍተህ ቀዳዳውን ታገኛለህ፣ ከቫልቩ ምን ያህል እንደሚርቅ ታያለህ፣ ከዛ የውጪው ጎማ ላይ ከፅሁፉ ጀምረህ ያንኑ ርቀት ስትለካ እሾሁ እዛው ተሰክቶ ይጠብቅሃል (የውስጡ ጎማ የትኛው ጎኑ ወዴት እንደነበር ከጠፋህ በግራም በቀኝም ፈልግ)። እሾሁን ሳታወጣ አዲስ ብትቀይር ትንሽ ሄደህ መልሶ ይተነፍሳል።

ሒሳቡን እንደ ምክር መውሰድም አለ። ለአንድ ሰው ስንት ሳይክል ይበቃዋል ሲባል መልሱ ኤን ሲደመር አንድ ነው፣ ኤን ማለት አሁን ያለህ ብዛት። ይሄን ሰምቶ ተበድሮ የሚገዛ ሰው አለ እኮ! ሁለተኛውን ግማሽ ግን አይነግሩትም፦ ትዳርህን ከሚያፈርሰው ቁጥር ላይ አንድ ቀንስ ነው የሚለው።

ሌላው ቶሎ መቀየም። ኋላ ቀርተህ ቀይ ፋኖስ ቢሉህ ስድብ አይደለም፣ ቱር ደ ፍራንስ (የፈረንሳዩ ትልቅ የሳይክል ውድድር) ላይ በአጠቃላይ ሰዓት መጨረሻ የሚወጣው ሰው የሚጠራበት ስም ነው፣ ከባቡር ጭራ ላይ ከሚሰቀለው መብራት የመጣ። በየቀኑ ከተወሰነለት ሰዓት ያለፈ ሰው ከውድድር ስለሚባረር 21 ቀን ሙሉ ተወዳድሮ መጨረሻ መውጣት ራሱ ቀላል ስራ አይደለም። መጥፎ ገድ የሚባለው 13 ቁጥር የደረሰው ተወዳዳሪ ደግሞ ጀርባው ላይ ከሚለጠፉት ሁለት የቁጥር ወረቀቶች አንዱን ገልብጦ ለጥፎ ካየኸው ተሳስቶ መስሎህ ላስተካክልልህ እንዳትለው፣ ገዱ እንዳይበላሽ ብሎ ነው።

በመጨረሻ ደግሞ "ዛሬ ቀስ ብለን ነው" ሲሉህ ማመን። በኔ እይታ ከሁሉም ቀልድ ይሄ ነው ሰው የሚጎዳው፣ ምክንያቱም አምነህ ውሃም የሚበላም ሳትይዝ ትወጣለህ፣ ከዛ ያው ቀስ ያለው ሰውዬ የመጀመሪያው ዳገት ላይ ከመቀመጫው ተነስቶ ይሸመጥጣል ሌላውም ይከተለዋል አንተ ግማሽ መንገድ ላይ ጉልበትህ ልክ መብራት እንደጠፋ ድርግም ይላል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ቀስ ማለት በሰዓት ስንት ኪሎሜትር እንደሆነና ዳገቱ ጫፍ ላይ ይጠብቁህ እንደሆነ ጠይቅ። ከሳቁ ምግቡን ጨምር።