ስሙ አንድ፣ ባለቤቱ ሌላ፤ በእንግሊዝኛ ስሞች ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

በአገራችን ስለ አንድ ተስፋዬ ወሬ ሲጀመር ከአድማጮቹ አንዱ «የማን ልጅ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ካስፈለገም አያት ይጨመራል። ስሙ የፈረንጅ ሲሆን ግን ይህ ጥንቃቄ ድራሹ ይጠፋል። ናፒየር ከተባለ ናፒየር ነው፤ ዋሽንግተን ከተባለም ዋሽንግተን። እንግሊዞች ግን የቤተሰብ ስም ለልጅ ልጅ ሲያወርሱ፣ የከተማ ስምም በሰፈሩበት አገር ሁሉ ሲደግሙ የኖሩ ሰዎች ናቸው። በትርጉምና በዜና ጽሑፎች ላይ ደጋግመው የሚያጋጥሙትን ስህተቶች ቀጥሎ አነሣለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቤተሰብ ስም ብቻ ጽፎ ማለፍ

ጄኔራል ዊንጌት ለአዲስ አበባ ሰው አስቀድሞ ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ የተሰየመለት ኦርድ ዊንጌት በ1941 የጌዴዎንን ጦር እየመራ ከዐርበኞች ጋር በጎጃም የተዋጋው መኮንን ነው። ሆኖም ከእርሱ 44 ዓመት ቀደም ብሎ ሌላ ዊንጌት አዲስ አበባ ገብቶ ነበር። ሬጂናልድ ዊንጌት ይባላል፤ በ1897 በሬኔል ሮድ የተመራው የእንግሊዝ የልዑካን ቡድን ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሲመጣ አብሮ መጣ። ኋላም ከ1899 እስከ 1916 የሱዳን ጠቅላይ ገዥ ሆነ።

ነገሩን የሚያወሳስበው ሁለቱ ዘመዳሞች መሆናቸው ነው። ሬጂናልድ የኦርድ አባት የአጎት ልጅ ነው። ሁለቱም ሱዳን ውስጥ አገልግለዋል፤ ሁለቱም ጄኔራል ተብለዋል፤ ሁለቱም በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ስማቸው ይነሣል። ስለዚህ «በሱዳን ያገለገለው ጄኔራል ዊንጌት» ብሎ የጻፈ ሰው ምንም አልለየም። በዕድሜም መለየት አያስተማምንም፤ ሽማግሌው ሬጂናልድ እስከ 1953 ሲኖር፣ ኦርድ ግን በ1944 ገና በ41 ዓመቱ በአውሮፕላን አደጋ ሞቷል። የሚያዋጣው የመጀመሪያውን ስም አለመተው ነው።

ሙሉ ስም ከተጻፈ ይበቃል ማለት

ሁልጊዜ አይበቃም። ለዚህ ከመቅደላው ናፒየር የተሻለ ማስረጃ የለም። በ1868 ዐፄ ቴዎድሮስ ላይ የዘመተው ሮበርት ናፒየር በዚያው ዘመን በስኮትላንድ የታወቀ ሞክሼ ነበረው። ያኛው ሮበርት ናፒየር የግላስጎው መርከብ ሠሪ ነው፤ የእንፋሎት መርከቦችንና ሞተሮቻቸውን በመሥራት ስም ያተረፈ። አንዱ ሲሞት ሌላው ቢወለድ ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር፤ ነገር ግን ለ66 ዓመታት አብረው ኖረዋል። ጄኔራሉን ለመለየት እንግሊዞች ራሳቸው የሚጠቀሙበት ከድሉ በኋላ የተሰጠውን ማዕረግ ነው፤ የመቅደላው ባሮን ናፒየር። ለእኛ ጆሮ ማዕረጉ ቢመርም ለመለየት ግን ይጠቅማል።

ለንደን የሚኖር ኢትዮጵያዊ ደግሞ ሦስተኛ ናፒየር ያጋጥመዋል። ትራፋልጋር አደባባይ ላይ «ናፒየር» የሚል ሐውልት ቆሟል። ከፊቱ ቆሞ መቅደላን እያሰበ የሚቆጣ ሰው ካለ ቁጣውን ሌላ ቦታ ይውሰደው፤ ያ ሐውልት በ1843 ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ያለችውን ሲንድን የያዘው የቻርለስ ናፒየር ነው። የመቅደላው ናፒየር በፈረስ ተቀምጦ የሚታየው ኬንሲንግተን ውስጥ፣ ኩዊንስ ጌት በተባለው ጎዳና ላይ ነው።

ከፍለጋ የመጣውን የመጀመሪያ ፎቶግራፍ መለጠፍ

ሪቻርድ በርተን በጥር 1855 ሐረር ገብቶ ዐሥር ቀን ያህል የቆየው እንግሊዛዊ ተጓዥ ነው። ስሙን በኢንተርኔት ሲፈልጉት ግን ከኤልዛቤት ቴይለር ጋር ሁለት ጊዜ የተጋባው የዌልስ ተዋናይ ፊቱን ሊደቅን ይችላል። ተዋናዩ የተወለደው በ1925 ነው፤ ተጓዡ ደግሞ በ1890 ሞቷል። እንዲያውም ተዋናዩ የበርተን ዘር አይደለም። የትውልድ ስሙ ጄንኪንስ ሲሆን በርተንን የወሰደው ካሳደገው መምህሩ ነው። ስለዚህ የስም አንድነት የዝምድና ምልክት ነው ብሎ መገመትም አደጋ አለው።

በዚያው ላይ ሌላ ትንሽ ስህተት ትታከላለች። «ሰር ሪቻርድ በርተን ሐረር ሲገባ» ተብሎ ይጻፋል። የሰርነቱ ማዕረግ የተሰጠው በ1886 ነው፤ ሐረር የገባው ተራ መኮንን ነበር።

ባለቤቶቹ ያበጁትን መለያ መጣል

አዲስ አበባ ላይ ጎዳና የተሰየመለት ዊንስተን ቸርችል ወጣት ጸሐፊ ሳለ አሜሪካ ውስጥ በስሙ የሚጠራ፣ በዚያን ጊዜ ከእርሱ የበለጠ የታወቀ ልብ ወለድ ደራሲ ነበር። በ1899 ተጻጻፉ፤ እንግሊዛዊውም በመጽሐፎቹ ላይ «ዊንስተን ስፔንሰር ቸርችል» ብሎ ለመፈረም ተስማማ። ተርጓሚ «ስፔንሰር» የምትለዋን ቃል ወይም በምትኳ በመካከል የምትቀመጠውን አንዲት ፊደል እንደ ትርፍ ቆጥሮ ሲሰርዛት ሁለቱ ሰዎች ተስማምተው የሠሩትን አጥር እያፈረሰ ነው።

ዋሽንግተንን ሁሉ ዋና ከተማ ማድረግ

ወደ ቦታዎች እንምጣ። «የዋሽንግተን ገዥ አዲስ ሕግ ፈረሙ» የሚል ዜና ከመጣ ጉዳዩ የአሜሪካ ዋና ከተማ የዋሽንግተን ዲሲ አይደለም። ዋና ከተማዋ ከንቲባ እንጂ ገዥ የላትም። ገዥ ያለው በምዕራብ ጫፍ የሚገኘው፣ ሲያትል ያለችበት የዋሽንግተን ግዛት ነው፤ መቀመጫውም ኦሊምፒያ ነው። በሁለቱም በኩል ብዙ ሐበሻ ስለሚኖር ስህተቱ ከዜና አልፎ ለቅሶና ሠርግ ውስጥ ይገባል። በመካከላቸው የሦስት ሰዓት ልዩነት አለ፤ «በዋሽንግተን ሰዓት» ብሎ የስልክ ስብሰባ የጠራ ሰው ግማሹን ተሰብሳቢ ማጣቱ አይገርምም።

የሚያስቀው የስሙ አመጣጥ ነው። በ1853 ግዛቱ ሲቋቋም የታሰበለት ስም ኮሎምቢያ ነበር። ዋና ከተማዋ ካለችበት የኮሎምቢያ ክልል ጋር እንዳይምታታ ተብሎ ዋሽንግተን ተባለ!

ስለ ጆርጂያ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ አንዷ ዋና ከተማዋ ትብሊሲ የሆነች አገር፣ ሌላዋ ዋና ከተማዋ አትላንታ የሆነች የአሜሪካ ግዛት ናት። ነገር ግን 2020ን ያስታውሷል። አገሪቱ ጥቅምት 31 የምክር ቤት ምርጫ አካሄደች፤ ግዛቲቱ በሦስተኛው ቀን ኅዳር 3 ድምፅ ሰጠች (ወሮቹም የአውሮፓውያን ናቸው)። በሁለቱም ዘንድ ውጤቱ አከራከረ፤ በሁለቱም ድጋሚ ዙር ነበር። «የጆርጂያ ምርጫ አወዛገበ» የሚል ርእስ በዚያ ሰሞን ለሁለቱም እውነት ነበር፤ ለአንባቢ ግን ምንም አልነገረም።

እስክንድርያና አርሊንግተን

ቨርጂኒያ ውስጥ ያለችውን አሌክሳንድሪያ «እስክንድርያ» ብሎ መተርጎም ይቅር። የግብጿ ከተማ ስሟን ያገኘችው ከታላቁ እስክንድር ነው፤ በ1749 የተመሠረተችው የቨርጂኒያዋ ግን ስሟን የወሰደችው የመሬቱ ባለይዞታ ከነበሩት ከአሌክሳንደር ቤተሰብ ነው። ጎረቤቷ አርሊንግተንም ቴክሳስ ውስጥ፣ በዳላስና በፎርት ዎርዝ መካከል፣ ሞክሼ አላት። ታላቁ ብሔራዊ የጦር መቃብር ያለው በቨርጂኒያዋ ነው። ኦርድ ዊንጌትም ያረፈው እዚያ ነው፤ አብረውት ከወደቁት አሜሪካውያን የበረራ ሠራተኞች ዐፅም ጋር ስለተቀላቀለ በ1950 በአንድነት ተቀበሩ።

የከተማ ስም ብቻ ጽፎ ትኬትና ፎቶ መፈለግ

ይህ ስህተት የእኛ ብቻ አይደለም። በ2008 የእንግሊዟ በርሚንግሃም ምክር ቤት ነዋሪዎቹን ለማመስገን ከ700 ሺህ በላይ በራሪ ወረቀት ሲያሳትም የለጠፈው የአላባማዋን በርሚንግሃም ሕንፃዎች ነበር። የገዛ ከተማቸውን! በ2002 ደግሞ ሁለት ወጣት እንግሊዛውያን ለአውስትራሊያዋ ሲድኒ ብለው በገዙት ትኬት ካናዳ፣ ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ ሌላ ሲድኒ ላይ አረፉ።

ከአሜሪካ ከተሞች ይበልጥ የምታሳስት ፖርትላንድ ትመስለኛለች። በኦሪገን ግዛት ያለችው ስሟን ያገኘችው በሜይን ግዛት ካለችው ነው፤ በ1845 ከመሥራቾቹ አንዱ ቦስተን፣ ሌላው ፖርትላንድ ትባል ብለው በሳንቲም ዕጣ ተጣጣሉና የሜይኑ ሰው አሸነፈ። አንዷ በምሥራቅ ጠረፍ፣ ሌላዋ በምዕራብ ናቸው። የኦሪገኗ አውሮፕላን ማረፊያ መለያ ፒዲኤክስ፣ የሜይኗ ፒደብሊውኤም ነው። እነዚህን ሦስት ፊደላት ትኬቱ ላይ ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ።