ከወንዝ ዳር ያነሡትን ድንጋይ «የጥንት ሰው መሣሪያ ነው» ከማለትዎ በፊት

መስከረም አልፎ በጎጃም የጨሞጋ ወንዝ ውኃ ሲጎድል ጎርፍ ያወረደው ድንጋይ በዳሩ ተከምሮ ይታያል። ከዚያ ክምር ጫፉ የሾለ አንድ ድንጋይ አንሥቼ «የጥንት ሰው መጥረቢያ አገኘሁ» እያልሁ ሳምንት ሙሉ ለመጣ ለሄደው ሳሳይ ከረምሁ። ገበሬው አጎቴ ግን ገልበጥ አድርገው አዩትና «ይኼማ ማረሻ የነካው ነው» አሉኝ። እውነትም ስንጥቁ ላይ የብረት ዝገት ተጋድሞበታል።

ትልቁ ስህተት ይኸው ነው፤ ቅርጹን አይቶ መፍረድ። «እጄ ላይ ልክክ አለ» ማለት ማስረጃ አይሆንም፤ ወንዝ ያንከባለለው ድንጋይ ብዙው ልክክ ይላል። መፈለግ ያለበት የምት ዱካ ነው። ድንጋይ በድንጋይ ተመትቶ የሚላቀቅ ፍላጭ ምቱ ካረፈበት ጫፍ ሥር ትንሽ ጉብታ ይኖረዋል፤ ከጉብታው ተነሥቶም ጠጠር የወደቀበት ኩሬ ላይ እንደሚታየው ያለ ሞገድ ይዘረጋል። ፍላጩ የወጣበት ድንጋይ ላይ ደግሞ ጎድጎድ ያለ ጠባሳ ይቀራል። አንድ ጠባሳ ከገደል የወደቀ ድንጋይም አያጣውም። አራት አምስት ጠባሳ በአንድ ጠርዝ ላይ ተከታትሎ፣ አንዱ የሌላውን ጫፍ እየበላ ሲታይ ግን ልብ ይበሉ። የጠባሳውን ቀለምም ያስተያዩ፤ ሌላው ገጽ አርጅቶ ስብራቱ ብቻ ትኩስ ከሆነ የትናንት ሥራ ነው።

ጥቁርና አብረቅራቂ ሁሉ ባልጩት (እሳተ ገሞራ የወለደው መስታወት መሰል ድንጋይ) አይደለም። የጎጃም ደጋ በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ባዛልት (ጠቆር ያለ ጠንካራ ድንጋይ) ነው፤ ባልጩት በብዛት የሚታወቀው በስምጥ ሸለቆ በኩል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጠርሙስ ይጠርጥሩ። ጠርሙስም ሲሰበር ያንኑ ጉብታና ሞገድ ስለሚያሳይ ብዙ ሰው አሞኝቷል፤ ውፍረቱ ሳይለዋወጥ እኩል የጎበጠ ከሆነ ነገሩ አልቋል። በአንጻሩ በባዛልቱ ቀዳዳዎች ውስጥ የሚፈጠረው ሰም የመሰለ ነጣ ያለ ድንጋይ ለመፈለጥ የተመቸ ሆኖ ሳለ፣ ቀለሙ ስለማይማርክ ማንም ጎንበስ ብሎ አያነሣውም።

በሽቦ ብሩሽ አይፈትጉት፤ ስለቱንም በሌላ ድንጋይ እየመቱ አይፈትኑ። አንድ ፊቱ ብቻ የለሰለሰ ድንጋይ ካገኙ ደግሞ ከአንድ ቤት የተጣለ መጅ እንዳይሆን ያስቡ።

ዕድሜ መቁረጥ ሌላው ችኮላ ነው። በአፋር ጎና የተገኙት መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ሆኗቸዋል ተብሎ የጨሞጋው ፍላጭ እኩያቸው አይሆንም፤ የኮንሶ ቆዳ ፋቂዎች እኮ በዚህ ዘመንም በድንጋይ ሲፍቁ ታይተዋል። በጎንደር ቆላ በሽንፋ ወንዝ ዳር የተገኙት መሣሪያዎች ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ መሆናቸው የታወቀው ድንጋዩ ታይቶ ሳይሆን፣ አብሮ በተቀበረው አፈር ውስጥ ከኢንዶኔዢያው የቶባ እሳተ ገሞራ የመጣ ብናኝ በመገኘቱ ነው።

ለዚህ ነው ኪስ ከቶ መሄድ የሚጎዳው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት እንዲጠብቅ ያዛል። አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጠው ባለበት ፎቶ ያንሡትና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳዩ። «ከጨሞጋ ነው» ብቻ አይበቃም፤ በየትኛው ዳር፣ ከድልድዩ ምን ያህል ርቆ፣ ከጠጠሩ ላይ ነው ወይስ ከተናደው የአፈር ግድግዳ? ከግድግዳው ከሆነ የቀረውን አይቆፍሩ።