ጠገራ ብር ጅማ ውስጥ በርካሽ ሚገኘው የት ነው? እንዴትስ ይለያል?

ጠገራ ብር፣ ማለትም የድሮውን ከብር የተሰራ ገንዘብ፣ ፍለጋ ከወጣቹ "የድሮ ሳንቲም አለ?" ብላቹ አትጠይቁ። እንደዛ ካላቹ ዋጋው እዛው ሶስት እጥፍ ይሆናል። ጅማ ላይ ጥሩ ነገር ሚገኘው ሳንቲም ነው ተብሎ በማይሸጥበት ቦታ ነው፣ አሮጌ ቁልፍና ብሎን መሬት ላይ ዘርግተው ሚሸጡት ጋ፣ ቆራሌው ጋ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንጥረኛ ቤት። አንጥረኛ ብር ሚገዛው በግራም ነው፣ ቀልጦ ቀለበት ስለሚሆን ማርትሬዛም (የኦስትሪያዋ ንግስት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ብር) የምኒልክ ብርም ለሱ አንድ ነው። ለሰብሳቢ ግን የምኒልኩ በጣም ይበልጣል፣ ምክንያቱም ያኔም ህዝቡ ማርትሬዛን ስለለመደ የምኒልኩ እንደሱ አልተስፋፋም። ሳይቀልጥ ከደረሳቹ በሚዛን ዋጋ ትወስዱታላቹ።

እኔ አንዴ ሐሙስ ገበያ የሄድኩት የበር መቀርቀሪያ ልገዛ ነበር፣ አንድ ሽማግሌ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ቁልፍ፣ ሚስማር፣ የሰዓት ማሰሪያ ምናምን ከምረው አንድ ጥቁር ክብ ነገር አየሁ፣ በአውራ ጣቴ ሳሸው የአንበሳው ጋማ ብቅ አለ፣ ገልበጥ ሳደርገው በግዕዝ ቁጥር ፲፰፻፹፱። "አባባ ይሄስ?" ስላቸው "ሀምሳ ብር ጨምርና ከመቀርቀሪያው ጋ ውሰደው ልጄ" አሉኝ። ቤት ስመዝነው 14 ግራም፣ አላድ ነው፣ የምኒልክ ግማሽ ብር! ሙሉው ብር 28፣ ሩቡ 7፣ ትንሹ ሳንቲም ግርሽ ደግሞ 1.4 ግራም ገደማ ነው፣ ይሄን በቃል ያዙት።

ብዙ ግዜ ሚያጋጥማቹ ግን ማርትሬዛ ነው። በአባ ጅፋር ዘመን ሂርማታ ገበያ ላይ ቡናውም ዝባዱም የዝሆን ጥርሱም በሱ ይሸጥ ስለነበር እዚህ መብዛቱ አይገርምም። 1780 ሚለውን አይታቹ እንዳትደነግጡ፣ ንግስቷ የሞተችው በዛ ዓመት ነው በፈረንጅ፣ ከዛ በኋላ ቪየናም ሮምም ለንደንም ቦምቤይም ሲታተም ያንኑ ዓመት ነው የጻፉበት። ስለዚ "የ1780 ነው" ላላቹ ሻጭ ለዓመቱ ብላቹ ሳንቲም አትጨምሩ። ክብደቱ 28.07 ግራም፣ ከሺው 833ቱ ብር ነው፣ ማለትም 23.4 ግራም ንጹህ ብር። የእለቱን የግራም ዋጋ በዚህ አባዙና ከዛ ተከራከሩ። ጆሮ ተበይዶበት አንገት ላይ ሲታሰር የኖረ ከሆነ ለሰብሳቢ ዋጋው ይወርዳል፣ በብርነቱ ካልሆነ አትግዙት።

ለማጣራት ማግኔት ያዙ። ከሳበው ብር አይደለም፣ ተዉት። የጃንሆይ የ1923ቱ ሳንቲም፣ ማቶና ሚባለው፣ ባለ 10፣ 25 እና 50ውም ይሳባል ግን እሱ ኦሪጅናል ነው፣ ኒኬል ስለሆነ ነው። ማግኔት ግን ነሐስን አይዝም፣ ስለዚ እኔ ሚያስተማምነኝ የውሃ ሙከራ ነው። መጀመሪያ ማርትሬዛውን ደረቁን መዝናቹ 28.07 ግራም ገደማ መሆኑን ታያላቹ፣ ካልሆነ ሙከራው አይሰራም። ከዛ ትንሿን የወርቅ ሚዛን ታስቀምጣላቹ፣ ላዩ ላይ ውሃ ያለበት ብርጭቆ አድርጋቹ ዜሮ ታደርጉታላቹ፣ ከዛ ማርትሬዛውን በክር አስራቹ ውሃው ውስጥ ታንጠለጥሉታላቹ፣ የብርጭቆውን ታችም ጎኑንም እንዳይነካ። 2.7 ወይ 2.8 ግራም ካነበበ ጥሩ ነው። ወደ 3.3 ከሄደ ነሐስ ነው፣ ላዩ የቱንም ያህል ቢያብለጨልጭ።

የጃንሆይ የ1936 ሀምሳ ሳንቲምም ብር ነው፣ 7 ግራም ገደማ፣ ብዙ ሰው ግን መሳቢያ ውስጥ ረስቶታል። እሱ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፣ የዛን ዘመን ክቡ ሃያ አምስት ሳንቲም መዳብ ሆኖ መጠኑ ከሀምሳው ጋ ስለሚቀራረብ ሰዎች ብር እየቀቡ ሀምሳ ነው ብለው ይከፍሉበት ነበር፣ በኋላ ጠርዙን ሞገድ ሞገድ አድርገው የቀየሩት ለዛ ነው። ጠርዙ ላይ ቀይ ካያቹ ተቀብቶ ነው። የደርጎቹ ሀምሳ ሳንቲሞች ብር የለባቸውም።

እባካቹ ደግሞ አትጠቡት። እኔ የመጀመሪያዬን በሎሚና በአመድ ፈትጌ ፊቱን ጫርኩት፣ እስከዛሬ ሳየው ያመኛል። ጥቁረቱ ይቆይ፣ አፈር ካለው ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ብቻ፣ ከዛ በጨርቅ ጠቅ ጠቅ አድርጋቹ አድርቁት። ከሀገር ይዞ መውጣት ደግሞ ያለ ቅርስ ፈቃድ ክልክል ነው፣ ውጪ ላለ ዘመድ ልላክ ካላቹ አስቀድማቹ ጠይቁ።

የአላዱን ሽማግሌ በሚቀጥለው ሐሙስ ሄጄ ምን እንደሸጡልኝ ነገርኳቸው፣ ብርም ጨመርኩላቸው፣ ህሊናዬ እንቢ ስላለኝ ነው። ከዛ ወዲህ ክብ ነገር ካገኙ በክብሪት ቀፎ ለይተው ያስቀምጡልኛል።